ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት አልጫን ሲል ከየት እንጀምር?

ባለፈው ክረምት አንዲት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪ ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ፣ ዝናቡን እየሸሸች ፈረንጅ አራዳ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ መጣች። «ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለኝ፤ ይሄ ላፕቶፕ ሊኑክስ አይቀበልም ተባልኩ» አለችኝ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት ሲሆን ኡቡንቱና ሚንት ከዓይነቶቹ ሁለቱ ናቸው። «የት ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው?» ብዬ ጠየቅኋት። አንዴ ፋይል እየገለበጠ ሳለ፣ አንዴ ገና የቋንቋ መምረጫው ሳይመጣ፣ አንዴ ደግሞ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው እንደቆመ ነገረችኝ። ይህ መልስ የሥራውን ግማሽ አቀለለልኝ። ከኢንተርኔት የወረደው የመጫኛ ፋይል ወይም የተጻፈበት ፍላሽ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ በየሙከራው እዚያው ቦታ ላይ ይቆም ነበር፤ መቆሚያው በየጊዜው ሲቀያየር ግን በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ ሙቀትና ሃርድ ዲስክ ናቸው።

የላፕቶፑን ጀርባ ፈትተን ባትሪውን ከነቀልን በኋላ ራሙን ስናወጣው ወርቃማ ጥርሶቹ ጠቁረው አገኘናቸው። የጅማ ዝናብና እርጥበት ለረጅም ወራት ስለሚቆይ እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርገን አሸናቸው፣ የላጲሱን ፍርፋሪ በለስላሳ ብሩሽ ጠርገን ራሙን እስኪቀረቀር ድረስ መልሰን ገፋነው። ከዚያም ፍላሹ ሲነሣ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ያለውን ሜምቴስት የተባለ የራም መፈተሻ ከፍተን ሌሊቱን እንዲሠራ ተውነው። ይህ መፈተሻ ስህተት ሲያገኝ በቀይ ያሳያል፤ ጠዋት ስናየው አንድም ቀይ መስመር አልነበረም፤ አራተኛው ሙከራም ያለ እንከን ተጠናቀቀ።

ጀማሪዎች «ሊኑክስ አልሠራ አለኝ» ብለው የሚያመጡልኝ አብዛኛው ችግር ሊኑክስ ገና ሥራውን ሳይጀምር የተፈጠረ ነው፤ ወይ ፋይሉ፣ ወይ ፍላሹ፣ ወይ የባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉም በፊት የሚሠራው መነሻ ፕሮግራም) ቅንብር፣ ወይ ዕቃው ራሱ ነው። ስለዚህ እንደገና ከመሞከርዎ በፊት የቆመበትን ቦታና በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፣ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ቀይረው ይሞክሩ። ፍላሹንም፣ ባዮሱንም፣ የሊኑክሱንም ዓይነት በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ችግሩ በተመለሰ ቁጥርም ከዜሮ ይጀምራል።

ፋይሉና ፍላሹ

ኡቡንቱ 24.04 ከ5 ጊጋባይት በላይ ሲሆን ሊኑክስ ሚንት 22 ደግሞ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ሁለቱም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኙ በመሆናቸው፣ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድና 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ለያዘ ጀማሪ እኔ የምመክረው ሚንትን፣ በተለይም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዓይነት ነው። ሁለቱም የሚሠሩት 64 ቢት ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

መብራት በመጥፋቱ ወይም ኔትወርክ በመቆራረጡ ማውረዱ ተቋርጦ ሲቀጥል ፋይሉ ሙሉ መስሎ ሊበላሽ ይችላል። ይባስ ብሎ እዚህ ከተማ ተማሪዎች ዳታ ለመቆጠብ ፋይሉን በፍላሽ ስለሚቀባበሉ አንድ የተበላሸ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይከርማል፤ አንድ ዶርም ሙሉ «ሚንት ችግር አለበት» ብሎ ሲያማርር የሰማሁትም በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሻ 256 የሚባለውን መለያ ማመሳከር ነው። ይህ መለያ ከቁጥሮችና ከጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደላት የተሠራ፣ 64 ምልክት ያለው ረጅም መስመር ሲሆን ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትለወጥ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ዊንዶውስ ላይ ሰቨን ዚፕ ከተጫነ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ከፍተው መለያውን ማስላት ይችላሉ፤ ያገኙትንም ማውረጃው ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩት። ካልተመሳሰለ ፋይሉን እንደገና ከማውረድ ሌላ አማራጭ የለም።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ፔስት ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ እንዲያውም ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ጨርሶ አይቀበልም። ሩፈስ ወይም ኤቸር በተባሉት ፕሮግራሞች መጻፍ ያስፈልጋል። ይህም ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ፎቶና ሰነድ ካለዎት አስቀድመው ያውጡ። ለጀማሪ ኤቸርን የምመርጠው ጽፎ ሲጨርስ መልሶ እያነበበ ስለሚያመሳክር ነው፤ ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ያንን ያህል መያዝ የማይችል አስመሳይ ፍላሽ ገበያ ላይ ስላለ ይህ ማመሳከር ብዙ ልፋት ያድናል።

ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሣ ለማድረግ የሚጫነው ቁልፍ እንደ ሥሪቱ ይለያያል። በዴል፣ በቶሺባና በአብዛኛው ሌኖቮ ኤፍ 12 ነው፤ በኤችፒ ኤስኬፕ ወይም ኤፍ 9፣ በአሱስ ደግሞ ኤስኬፕ ነው። ኤሰር ላይ ኤፍ 12 እንዲሠራ አስቀድሞ በኤፍ 2 ባዮስ ገብቶ መፍቀድ ሊያስፈልግ ይችላል። ኮምፒውተሩ እንደበራ ወዲያው ቁልፉን ደጋግመው ይንኩ፤ የዊንዶውስ ምልክት ከመጣ ዘግይተዋል ማለት ነው።

ሳይጭኑ መሞከር

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማጠብቀው ደረጃ ይህ ነው። ኡቡንቱም ሚንትም ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ በቀጥታ ከፍላሹ ይሠራሉ። ኡቡንቱ ላይ «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ይምረጡ፤ ሚንት ደግሞ በራሱ እንዲህ ሆኖ ይከፈታል። ከዚያ ለመጫን አይቸኩሉ። ዋይፋዩ በአቅራቢያ ያሉ ኔትወርኮችን ያሳያል? ድምፅ ይሰማል? ካሜራው፣ ታችፓዱና የስክሪን ብርሃን መቆጣጠሪያው ይሠራሉ? የላፕቶፑን ክዳን ዘግተው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሲከፍቱት ይነቃል? እዚህ የታየ ችግር ብዙውን ጊዜ ከተጫነም በኋላ የሚኖር ነው፤ እዚህ የሠራ ነገር ግን ከተጫነ በኋላ ካልሠራ ጥፋቱ ከዕቃው ሳይሆን ከአጫጫኑ እንደሆነ ያውቃሉ። ይህን መለየት መቻል ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ «ዲስክስ» የተባለውን ፕሮግራም ከፍተው የሃርድ ዲስኩን የስማርት መረጃ ይመልከቱ። ዲስኩ ተበላሽተው ስለተተኩ ወይም ማንበብ ስላቃተው ክፍሎቹ የሚመዘግበው ቁጥር እዚያ ይገኛል። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነና እየጨመረ ከሄደ፣ ሊኑክስም ሆነ ዊንዶውስ ቢጭኑበት ዲስኩ መንገድ ላይ ጥሎዎት የሚሄድ ነውና ገንዘብዎን ለአዲስ ዲስክ ያውሉት። መጫኛው በመሃል «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» ብሎ ሲቆም የሚናገረውም ስለዚሁ ነው፦ ወይ ከፍላሹ ማንበብ አልቻለም፣ ወይ ዲስኩ ላይ መጻፍ አልቻለም። ፍላሹን ቀይረው ያው ስህተት ከተደገመ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ይዞራል።

ፍላሹ ተነሥቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ በተለይ ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ባለባቸው ላፕቶፖች፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ኡቡንቱ «ሴፍ ግራፊክስ»፣ ሚንት ደግሞ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚል አማራጭ አላቸው፤ በእርሱ ገብተው ይጫኑና ከተጫነ በኋላ ከድራይቨር (ዕቃውን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማስተዳደሪያው «ሪኮሜንድድ» የተባለውን ድራይቨር ይምረጡ።

መጫኛው ሃርድ ዲስኩን ጨርሶ ካላየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ባዮስ ውስጥ ዲስኩ ኢንቴል አርኤስቲ ወይም ሬይድ በሚባል አሠራር መቀመጡ ነው፤ ወደ ኤኤችሲአይ ሲቀየር ይታያል። ነገር ግን ዊንዶውስን ማቆየት ከፈለጉ ይህን በዘፈቀደ አይቀይሩ። ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ በሴፍ ሞድ እንዲነሣ አስቀድመው ያዝዙት፣ ከዚያ ባዮሱን ይቀይሩ፣ አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሣ በኋላም ወደ መደበኛው ይመልሱት፤ ካልሆነ ሰማያዊ ስክሪን ይጠብቅዎታል።

ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ሲጫን

ዊንዶውስ ሲዘጋ በእርግጥ አይዘጋም፤ «ፋስት ስታርትአፕ» የተባለው ቅንብር ዲስኩን በከፊል ተኝቶ እንዲቆይ ያደርገዋል። በዚህ ሁኔታ ሊኑክስ ዲስኩ ላይ ያለውን የዊንዶውስ ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ መጫኛውም ለሊኑክስ ቦታ ለማግኘት ክፍሉን ማጥበብ ያቅተዋል። ስለዚህ ይህን ቅንብር ከዊንዶውስ የኃይል ቅንብሮች ውስጥ ያጥፉት። ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ የበራ ከሆነም 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፈው ሳይይዙ ባዮሱን አይንኩ። ቦታ ማጥበቡን በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ መሥራት ይሻላል። ዲስክ እየጠበበ ሳለ መብራት መጥፋቱ ፋይል ሊያጠፋ ስለሚችል ላፕቶፑ ሙሉ ባትሪ ይዞ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን፤ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ካለዎት ሰማዩ ሲያጉረመርም ይህን ሥራ አይጀምሩ።

«ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው አማራጭ ዲስኩን በሙሉ ያጠፋል። ከዓመታት በፊት የአንድ ደንበኛ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እንደተሰካ ረስቼ መጫኛው ላይ የተሳሳተውን ዲስክ መረጥሁ፤ የቤተሰቡ የሠርግ ፎቶ በሙሉ ጠፋ፣ መመለስም አልቻልሁም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመጫኛው ፍላሽ በቀር የተሰካ ነገር ሁሉ ሳይነቀል፣ የዲስኩም መጠን በጊጋባይት ተነብቦ ሳይረጋገጥ ያንን ቁልፍ አልጫንም፤ እርስዎም ባክአፕ ሳይዙ እንዳይጫኑት አደራ እላለሁ።

ተጭኖ ካለቀ በኋላ

ሪስታርት ሲደረግ በቀጥታ ዊንዶውስ ከመጣ ሊኑክሱ አልጠፋም፤ ባዮስ ውስጥ የቡት ቅደም ተከተሉን ከፍተው ኡቡንቱ የሚለውን ወደ ላይ ያምጡት። ሚንትም በዚሁ ስም ሊመዘገብ ስለሚችል ስሙ አያደናግርዎ።

ዋይፋይ አለመሥራት ከሁሉም በላይ የሚመጣልኝ አቤቱታ ነው፤ በተለይ ብሮድኮም የዋይፋይ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ድራይቨር ለብቻው ይፈልጋሉ። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር ያስፈልጋል፤ ጀማሪው የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው። መውጫው ኪስዎ ውስጥ አለ። አንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ይሰኩና «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን ያብሩ፤ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ባለገመድ ኔትወርክ አይቶ ወዲያው ይገናኛል። ሚንት ላይ ከሆኑ የመጫኛውን ፍላሽ ሰክተው የብሮድኮሙን ድራይቨር ያለ ኢንተርኔት መጫንም ይቻላል። ከዚህ በፊት ግን የበረራ ሞድ አለመብራቱንና በአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ጎን ላይ ያለው የዋይፋይ ማብሪያ አለመዘጋቱን ይመልከቱ።

ድራይቨሩ ተጭኖም ካልሠራ፣ ያልተፈቀደ ፕሮግራም እንዳይነሣ የሚያግደው ሴኪዩር ቡት ከልክሎት ሊሆን ይችላል። ተጨማሪ ድራይቨር ሲጫን መጫኛው የይለፍ ቃል ያስፈጥርዎታል፤ በሚቀጥለው ሪስታርት ደግሞ «ኤምኦኬ» የሚል ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ብዙ ሰው ስለሚደነግጥ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ድራይቨሩም ሳይፈቀድለት ይቀራል። በዚያ ገጽ ላይ «ኤንሮል» የሚለውን መርጠው ያንኑ የይለፍ ቃል ማስገባት አለብዎት። ካለፈዎት ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ መዝጋትም ይሠራል፤ ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን የማስመለሻ ቁልፉን ሊጠይቅዎ ስለሚችል እኔ በቅድሚያ የምመርጠው መፍቀዱን ነው።

በመጨረሻ የሰዓት ነገር አለ። ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲሻገሩ ሰዓቱ በትክክል 3 ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ብልሽት አይደለም፤ ሊኑክስ በኮምፒውተሩ ውስጥ የዓለም አቀፉን ሰዓት ሲያስቀምጥ ዊንዶውስ የአካባቢውን ሰዓት ስለሚጠብቅ ነው፤ ልዩነቱም የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ የሚቀድምበት 3 ሰዓት ነው። ሊኑክሱ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ይፈታዋል። ቀኑ ጭራሽ ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ፣ ማሻሻያዎችም ሆኑ ድረ ገጾች አንከፈትም ካሉ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለች ክብ ባትሪ አልቃለች። ባትሪዋን መተካት ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ስትነቀል የባዮሱ ቅንብር ወደ ነበረበት ሊመለስ፣ ኤኤችሲአይ ያደረጉትም ዲስክ እንደገና ሬይድ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመንቀልዎ በፊት የባዮሱን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።