«ኢቨንቿሊ» ለፖላንዳውያን ለምን ያስቸግራል?

ፖላንዳዊ የሥራ ባልደረባ ያላችሁ፣ ወይም ፖላንዳዊ እንግሊዝኛ የምታስጠኑ፣ ይቺን «ኢቨንቿሊ» (eventually) የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል ያዙልኝ።

«ሰኞ እንገናኝ፣ ኢቨንቿሊ ማክሰኞ» ብሎ ከጻፈላችሁ ግራ አትጋቡ። ሰኞ ካልተመቸ ማክሰኞም ይሆናል ማለቱ ነው። በፖላንድኛ «ኤቬንቱዋልኒዬ» ማለት «ምናልባት፣ ካልሆነም» ነው። የእንግሊዝኛው ግን «ውሎ አድሮ፣ የማታ ማታ» ነው። ነገሩ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

ጣጣው የሚብሰው በተቃራኒው ሲሆን ነው። እንግሊዛዊ አለቃው «ውሉን ኢቨንቿሊ እፈርማለሁ» ሲለው፣ ፖላንዳዊው «ሊፈርምም ላይፈርምም ይችላል» ብሎ ይረዳዋል። ሰውዬው ግን ለመፈረም ቆርጧል።

ስለዚህ ይህን ንገሩት፦ በቃሉ ቦታ የራሱን «ኦስታቴችኒዬ» ያስገባ፣ «በመጨረሻ» እንደማለት ነው። ከገጠመለት «ኢቨንቿሊ» ይበል። ካልገጠመለት «ኦር» ወይም «ፖሲብሊ» ይበቃዋል። ያለፈ ጊዜ ግስም ጥሩ ፍንጭ ነው። «ዘ ባስ ኢቨንቿሊ ኬም» ከተባለ አውቶቡሱ መጥቷል፣ አለቀ። ምናልባት የሚባል ነገር የለም።

በነገራችን ላይ ፖላንዳውያን ብቻቸውን አይደሉም። ጀርመንኛውም ፈረንሳይኛውም ከእነሱ ጋር ነው፤ ያፈነገጠው እንግሊዝኛው ነው። ጀርመን ያላችሁ ወገኖች፣ «ኤቬንቱዌል» አፋችሁ ላይ ስላለ እናንተም ጠንቀቅ በሉ።

«አክቹዋሊ»ም (actually፣ በእንግሊዝኛ «በእውነቱ» ማለት ነው) ያው ነው። ፖላንዳዊው «በአሁኑ ሰዓት» ሊል ፈልጎ ይጠቀምበታል፤ ለዚያ «ከረንትሊ» አለለት።