የናይትሮክስ መጥለቂያ ኮምፒውተር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሀዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ አንድ ወጣት መጥቶ ስልኩን ከፊቴ አስቀመጠ። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ የመጥለቅ ፈቃዱን ያወጣ፣ በቅርቡ ደግሞ የናይትሮክስ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ የሁለት መጥለቂያ ኮምፒውተሮች ሥዕል ጎን ለጎን ይታያል፤ እጅ ላይ ታስረው ጥልቀትንና ጊዜን እየለኩ፣ ውኃ ውስጥ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግሩ መሣሪያዎች ናቸው። «ጋሼ፣ ይኸኛው ናይትሮክስ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ዋጋው ግን እጥፍ ነው። ልግዛው?» አለኝ። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየን አንድ ሰዓት ያህል ተጨዋወትን። ያን ዕለት የነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እሱ ሊሠራቸው የነበሩ ስህተቶች የብዙዎቻችን ስህተቶች ናቸውና።

ለ«ናይትሮክስ» ስም ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል

ናይትሮክስ በተራው አየር ውስጥ ካለው 21 በመቶ የበለጠ ኦክስጅን ያለበት ድብልቅ ነው። ለመዝናናት ለሚጠልቅ ሰው በብዛት የሚቀርበው 32 ወይም 36 በመቶ ኦክስጅን ያለው ነው። ውኃ ውስጥ ግፊት ሲበዛ ናይትሮጅን ወደ ሰውነት ይገባል፤ ብዙ ከገባ በኋላ ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ አረፋ ሆኖ ሰውን ይጎዳል። ኦክስጅኑ ሲጨምር ናይትሮጅኑ ስለሚቀንስ፣ በዚያው ጥልቀት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ይቻላል። በ32 በመቶ ናይትሮክስ 30 ሜትር የወረደ ሰው ሰውነቱ የሚወስደው ናይትሮጅን፣ ተራ አየር ይዞ 24 ሜትር ገደማ ከወረደ ሰው ጋር እኩል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለተከታታይ ቀናት ለሚጠልቅ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጅቡቲ ወርዶ ዌል ሻርክ ከውኃው ገጽ ላይ ሆኖ ለማየት ለሚሄድ ሰው ግን ናይትሮክስ ምንም አይጨምርለትም።

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉ የመጥለቂያ ኮምፒውተሮች፣ ዋጋቸው ዝቅ ያሉትም ጭምር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ናይትሮክስን ያሰላሉ። ክሬሲ ሊዮናርዶ፣ ማሬስ ፑክ፣ ሱንቶ ዙፕ ኖቮ ሁሉም ለጀማሪ የተሠሩ ናቸው፤ ሁሉም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ናይትሮክስ አለው ወይ?» ሳይሆን «እስከ ስንት በመቶ ይቀበላል? የኦክስጅን ግፊት ወሰኑን እኔ መቀየር እችላለሁ? ቁጥሩን ለማስገባት ስንት ጊዜ መጫን አለብኝ?» መሆን አለበት። እስከ 40 ወይም 50 በመቶ የሚቀበል ኮምፒውተር ለእኛ ይበቃል። ንጹሕ ኦክስጅንና ሂሊየም የሚያሰላው ከመዝናኛ ወሰን አልፎ ለሚጠልቅ የቴክኒክ ጠላቂ የተሠራ ነው፤ ያን ትምህርት ለመማር ቁርጥ ሐሳብ ከሌለዎት ገንዘብዎን አያባክኑ።

ኮምፒውተሩ የሚተነፍሱትን ያውቃል ብሎ ማመን

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ስህተት ይህ ነው። የእጅ ኮምፒውተር ግፊትንና ጊዜን ይለካል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ምን እንዳለ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የነገሩትን ያምናል፤ ባመነው ላይ ተመሥርቶ ያሰላል።

በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ በአንድ ጉዞ ላይ አብሮኝ የሚጠልቅ ወዳጄ ለሁለት ቀናት 36 በመቶ ናይትሮክስ ሲተነፍስ ቆየ። በሦስተኛው ቀን የደረሰው ሲሊንደር ተራ አየር ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን 36 ላይ እንዳለ ነው። 20 ሜትር ላይ ሆነን የእኔ ኮምፒውተር የቀረኝ ጊዜ እያለቀ መሆኑን ሲያሳይ፣ የእሱ ገና ብዙ ደቂቃ ይሰጠዋል። እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን አሳየኝ፤ እኔም የእኔን አሳየሁት። ያኔ ነው ነገሩ የገባን። 20 ሜትር ላይ አየር እየተነፈሰ ሳለ ኮምፒውተሩ የሚያሰላለት 14 ሜትር ላይ እንዳለ ሰው ነበር። ወዲያው ቀስ ብለን ወጣን፤ ናይትሮጅኑ ከሰውነት እንዲወጣ 5 ሜትር ላይ ከሚቆሙት ከተለመደው 3 ደቂቃ አብልጠን ቆየን፤ ክፉ ነገር አልደረሰም። የቀረውን ቀን ግን ውኃ አልገባም፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ለዚህም ነው ሲሊንደሩን ራስዎ መለካት ያለብዎት። በመጀመሪያ የኦክስጅን መለኪያው ተራውን አየር 20.9 ብሎ እንዲያነብ ያስተካክሉታል። ከዚያ ሲሊንደሩን በጥቂቱ ከፍተው መለኪያውን ከቫልቩ አፍ ጋር ያገናኙና ቁጥሩ መዋዠቁን እስኪተው ይጠብቃሉ። 31.6 ላይ ቆመ እንበል። በሲሊንደሩ ትከሻ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቁጥሩን፣ የሚፈቀደውን የመጨረሻ ጥልቀትና ቀኑን ጽፈው ይፈርሙበታል። ኮምፒውተሩ ላይ 31 ያስገባሉ እንጂ 32 አያስገቡም፤ ናይትሮጅኑን አሳንሶ እንዳያሰላ ነው። የጥልቀት ወሰኑን ሲያወጡ ደግሞ 32 ብለው ያሰላሉ። ሁለቱም ወደ ጥንቃቄ ያደላሉ።

ከመግዛትዎ በፊት በመመሪያው ውስጥ አንድ ገጽ ፈልገው ያንብቡ፦ ከመጥለቅ በኋላ ኮምፒውተሩ ያስገቡትን የኦክስጅን ቁጥር ምን ያደርገዋል? አንዳንዱ እስኪቀይሩት ድረስ ይዞት ይቆያል። አንዳንዱ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ወደ 21 ይመለሳል። ቁጥሩን ካላደሱለት ከሁሉም የከፋውን ገምቶ በጥብቅ የሚያሰላም አለ። የትኛውም መጥፎ አይደለም፤ የራስዎ የትኛው እንደሆነ አለማወቅ ነው መጥፎው።

ናይትሮክስ ወደ ጥልቅ ያወርዳል ብሎ ማሰብ

ነገሩ ተቃራኒው ነው። ኦክስጅን በከፍተኛ ግፊት መርዝ ይሆናል፤ ውኃ ውስጥ ድንገት የሚያንዘፈዝፍ መናድ ሊያስከትል ይችላል፤ ያን ጊዜ ሬጉሌተሩ፣ ማለትም የመተንፈሻ መሣሪያው፣ ከአፍ ይወጣል። በተለመደው የ1.4 ባር የኦክስጅን ከፊል ግፊት (ከጠቅላላው ግፊት የኦክስጅኑ ድርሻ) ወሰን፣ 32 በመቶ ናይትሮክስ ይዘው ከ33 ሜትር፣ 36 በመቶ ይዘው ደግሞ ከ28 ሜትር በታች አይወርዱም። ጥሩ ኮምፒውተር ይህን ወሰን ሲያልፉ ይጮኻል ወይም ይንቀጠቀጣል። ማንቂያው በደንብ የሚሰማ መሆኑን ይፈትሹ፤ ዋስትና አድርገው ግን አይውሰዱት።

ለሁለት አንድ መጠቀም

ባልና ሚስት፣ ወንድማማቾች፣ ጓደኛሞች «አንዱ ይበቃናል» ሲሉ እሰማለሁ። አይበቃም። አንዱ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ሲዋኝ ሌላው ከላይ ይሆናል፤ ትናንት አንዱ ሁለት ጊዜ ሲጠልቅ ሌላው አርፎ ይሆናል። ኮምፒውተሩ የአንድን ሰው ሰውነት ነው የሚቆጥረው። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ይዛችሁ ቁጥራቸው ሲለያይ፣ አጭር ጊዜ የሰጠውን ተከትላችሁ አብራችሁ ትወጣላችሁ። የተለያዩ ኩባንያዎች የተለያየ የስሌት ዘዴ ስለሚጠቀሙ ልዩነቱ አያስደንቅም።

ያገለገለ ዕቃ የምትገዙም፣ ባትሪው የሚቀየረው በባለቤቱ ነው ወይስ በጥገና ማእከል ብላችሁ ጠይቁ። የዙፕ ኖቮ ባትሪ ሲ አር 2450 ነው፤ በሰፈሬ ያሉ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ የማገኘው ሲ አር 2032 ብቻ ነው። እኔ ሁለት መለዋወጫ ባትሪና የላስቲክ ቀለበት ይዤ ነው የምጓዘው። በሽቦ አልባ ቻርጅ የሚሠሩ እንደ ሺርዎተር ፔሪግሪን ያሉትም አሉ፤ ስክሪናቸው ብሩህ ነው፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው እመክራቸዋለሁ።

የምንኖርበትን ከፍታ መርሳት

እዚህ ላይ ነው ሀዋሳ ከሌላው ዓለም መመሪያ የምትለየው። አብዛኛው የመግዣ ምክር የሚጻፈው በባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ነው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው አምስት እጅ አራት እጁን ብቻ ያህላል። ጠልቀን ስንመለስ ቤታችን መግባት ራሱ ወደ ላይ መውጣት ነው።

ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት፣ ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ላይ የመቆም ግዴታ ሳይኖርበት አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ይመክራል። ይህ ምክር የወጣው በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር እኩል በሚሆንባቸው በረራዎች ላይ ነው። ሀዋሳ፣ አዳማ፣ አዲስ አበባ ሁሉም በዚያ ክልል ውስጥ ናቸው! «አልበረርኩም፣ በመኪና ነው የመጣሁት» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ሻሸመኔ የደረሰ ሰው፣ መንኮራኩሩ ከመሬት ሳይነሣ የአውሮፕላን ከፍታ ላይ ወጥቷል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ «አትብረር» የሚለውን ሰዓት በግልጽ ቆጥሮ የሚያሳይ ይሁን፤ ያ ቆጠራ እስኪያልቅ ድረስ በአውሮፕላንም፣ በባቡርም፣ በመኪናም ሽቅብ አይጓዙ።

ሁለተኛው ነገር ከፍ ባለ ሐይቅ ላይ ለመጥለቅ የሚያስቡ ሰዎችን ይመለከታል። የሀዋሳን ሐይቅ አልመክርም፤ ጉማሬ አለበት፣ ውኃውም ድፍርስ ነው። ግን ወደ ሌላ የደጋ ሐይቅ የሚሄድ ሰው ኮምፒውተሩ ከፍታውን ማወቁን ያረጋግጥ። አንዳንዱ የአካባቢውን ግፊት ራሱ ለክቶ ያስተካክላል፤ አንዳንዱ እርስዎ እንዲነግሩት ይጠብቃል። በዙፕ ኖቮ ላይ ከ0 እስከ 300፣ ከ300 እስከ 1,500፣ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ የእኛ ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ትቶት እዚህ ለሚጠልቅ ሰው ኮምፒውተሩ ከሚገባው በላይ ጊዜ ይሰጠዋል። ዛሬ በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለውን የስሌት ዘዴ የቀመሩት የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን በስዊዘርላንድ የተራራ ሐይቆች ለሚጠልቁ ሰዎች ስሌት ያወጡ ሰው ናቸው፤ የእኛን ዓይነት ከፍታ በልባቸው ይዘው ነው የሠሩት።

ወጣቱ በመጨረሻ የሁለቱንም ኮምፒውተሮች መመሪያ ስልኩ ላይ አውርዶ የከፍታውን ገጽ ፈለገ። ርካሹ የአካባቢውን ግፊት ራሱ ይለካል። ውድ የሆነው የሚበልጠው በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ግፊት ለማንበብ ከሲሊንደሩ ጋር በሽቦ አልባ መገናኘቱ ነበር፤ ለዚያ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ ለብቻው ይሸጣል። የዋጋውን ልዩነት ደብተሩ ላይ አሰላው። ጅቡቲ ላይ ለሁለት ተጨማሪ ሌሊት ማደሪያና ምግብ ይበቃዋል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀ በኋላ ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅባቸው ሌሊቶች።