የእንግሊዝ ባህር ዳር ከተማ ስትመርጡ መጀመሪያ የውሃውን ሰዓት እዩ

ልጆች ይዛችሁ ሳውዝኤንድ ወይም ዌስተን ሱፐር ሜር ስትደርሱ ባህሩን ካጣችሁት፣ ሸሽቶ ነው። ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ዌስተን ላይ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ10 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነም ውሃው ከኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሳውዝኤንድ ፒር (ወደ ባህሩ የሚዘልቀው ረጅም መተላለፊያ) ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የረዘመውም መርከቦች ጭቃው ላይ ሳይደርሱ ሰው እንዲያወርዱ ተብሎ ነው።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከከተማው ስም ጋር «ታይድ ታይምስ» (የሙላትና የሽሽት ሰዓት ሰንጠረዥ) ብላችሁ ፈልጉ። ለመዋኘት ከሙላቱ በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት ሁለት ሰዓታት ይመረጣሉ። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ በዚህ ቅዳሜ ቀትር ላይ የሞላ ባህር በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ሸሽቶ ይጠብቃችኋል። ሰንጠረዡ በጂኤምቲ (በግሪንዊች ሰዓት) ከሆነ፣ በበጋቸው ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉ 1 ሰዓት ጨምሩበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ቀኑን መቀየር ካልቻላችሁ ከተማውን ቀይሩ። ቦርንመዝና ዌይመዝ አሸዋ ናቸው፣ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነትም 2 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ውሃ አለ። ብራይተን ዳርቻው ተዳፋት ስለሆነ ባህሩ ብዙ አይርቅም፤ ግን ጠጠር ነው፣ የላስቲክ ጫማ ያዙ።

ለፒሩ፣ ለጨዋታውና ለዓሣ በችፕስ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ዌስተን ላይ ግን የሸሸውን ውሃ ተከትላችሁ ጭቃው ውስጥ በፍጹም አትግቡ፤ እግር ይዞ ያስቀራል፣ ውሃውም በፍጥነት ይመለሳል።