ከሐዋሳ ለወጣችሁ ወላጆች፦ ስለ ትንሽ ልጅ ዓይን ምርመራ

ከሐዋሳ ወጥተው ውጭ አገር የገቡ ቤተሰቦች ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ከሚልኩልኝ ወረቀቶች ብዙዎቹ ስለ ልጅ ዓይን ናቸው። እዚህ ሐዋሳ የዓይን ክፍል ነርስ ስለሆንኩ «እስቲ ይህን አንብቢልን» ይሉኛል። ወረቀቱ ልጁ የዓይን ልየታውን (ችግር ሊኖርበት የሚችለውን ልጅ ለመለየት የሚደረገውን አጭር ልኬት) እንዳላለፈና ለሙሉ ምርመራ መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። እናት ትደነግጣለች። አባት «ወለል ላይ የወደቀ መርፌ አንስቶ የሚሰጠኝ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ከዚያ ሥራው፣ ቤት ፍለጋው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ይመጣና ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ይከርማል። ይህን የምጽፈው እንዳይከርም ብዬ ነው።

አባትየው እውነቱን ነው፤ ልጁ መርፌውን ያያል። የሚያየው ግን በአንዱ ዓይን ሊሆን ይችላል። አንዱ ዓይን በደንብ ካየ ልጅ አይደናቀፍም፣ ቴሌቪዥን ላይ አይጠጋም፣ «አላይም» ብሎም አያማርርም፤ ዓለም እንዲያ የምትታይ ነው የሚመስለው። አእምሮ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጣው ምስል ካልተስማማለት ደብዛዛውን ይተወዋል። የተተወው ዓይን ደግሞ ማየት ሳይማር ይቀራል። ሰነፍ ዓይን የሚባለው ይህ ነው፤ ከ100 ልጆች 2 ወይም 3 ላይ ይገኛል። መነሻው የዓይን መንሸዋረር፣ በሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ቁጥር መካከል ያለ ሰፊ ልዩነት፣ አንዳንዴም ሲወለድ የነበረ ሞራ ወይም የወደቀ የዓይን ቆብ ነው። ሕክምናው በደንብ የሚይዘው ከ7 ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በኋላም ተስፋ አይቆረጥም፣ ነገር ግን በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለውን አባባል በጣም የምፈራው ለዚህ ነው።

እዚህ ሐዋሳ ልጅ ኬጂ ስናስገባ የምንጠየቀው የልደት ካርድና የክትባት ካርድ ነው፤ ዓይኑን ለክቶ የሚቀበል ትምህርት ቤት ብዙም አናውቅም። እናንተ ያላችሁበት ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይኑ እንዲታይ ይመከራል፤ ሄድ ስታርት የሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጆች የተዘጋጀ የመንግሥት ቅድመ ትምህርት ፕሮግራም የገባ ልጅ በ45 ቀን ውስጥ ልየታው መደረግ አለበት፤ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ልጅ ደግሞ እስከ 21 ዓመቱ ምርመራውም መነጽሩም ይሸፈንለታል። እንግሊዝ ልየታው ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የዓይን ምርመራው ነፃ ነው፣ ለመነጽሩም ቫውቸር አለ። ስዊድን በ4 ዓመቱ የሕፃናት ጤና ጣቢያው ይለካዋል። ካናዳ ኦንታሪዮ ያላችሁ፣ ልጁ 20 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ አንድ ሙሉ ምርመራ በመንግሥት መድን ይሸፈናል፤ የመነጽሩ ዋጋ ግን ለብቻው ነው። ማንም ካልጠራችሁ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለክትባት ስትሄዱ «የልጄ ዓይን ይታይልኝ» በሉ።

ልኬቱ አያምም። ለትንንሾቹ ካሜራ የሚመስል መሣሪያ አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይያዛል፤ ብርሃን ብልጭ ይላል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ልጁ ዞር ብሎ ሲያየው በሰኮንዶች ያልቃል። አንድ ቃል መናገር አያስፈልግም። ከ3 ወይም 4 ዓመት በላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው በሥዕል ነው፤ ፖም፣ ቤት፣ አራት ማዕዘንና ክብ። ልጁ 3 ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል፣ አንድ ዓይኑ ይሸፈናል፣ ሥዕሎቹ እያነሱ ይሄዳሉ።

የእኛ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ዝም እንዲል ያሳደግነው ልጅ፣ ያውም በማያውቀው ቋንቋ «ይህ ምንድን ነው?» ሲባል ይዘጋል፤ ውጤቱም «ሊለካ አልቻለም» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ አራቱን ቅርጾች ወረቀት ላይ ሣሉለት። አንዱን ከርቀት አሳዩት፣ እሱ ጭኑ ላይ ከያዘው ወረቀት መሳዩን በጣቱ ይጠቁም። ስሙን መጥራት ግዴታ አይደለም። ክቡን «ዳቦ»፣ ፖሙን «ልብ» ቢለውም ችግር የለም፤ ሁሌም ያንኑ እስካለ ድረስ ለካዩ ይቀበለዋል። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱም መጠቆሚያ ካርድ እንዲሰጡት ጠይቁ። አንድ ዓይን ሸፍኖ መጫወትንም አለማምዱት፤ ሲለካ በጣቶቹ መሃል ሾልኮ የሚያይ ልጅ ብዙ ነው። እናንተም እባካችሁ መልሱን በጆሮው አታንሾካሹኩለት። ልጁ ፈተና ላይ አይደለም፣ ረድታችሁት ያለፈው ልኬትም ዓይኑን ይጎዳዋል።

ልየታውን አላለፈም ማለት ይታወራል ማለት አይደለም። ወደ ሙሉ ምርመራ ይሂድ ማለት ብቻ ነው፤ ከሄዱትም ምንም ሳይገኝባቸው የሚመለሱ አሉ። እዚያ የዓይኑን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግለታል። ትንሽ ያቃጥላል፣ ብርሃን ያስቸግረዋል፣ የቅርብ ነገር እስከ ማግስቱ ሊደበዝዝበት ይችላል፤ ባርኔጣ ይዛችሁ ሂዱ። አስተርጓሚ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። የ10 ዓመት ታላቅ ወንድምን አታስተርጉሙት፣ ይህ የልጅ ሸክም አይደለም። ልጁ ያለ ጊዜው ተወልዶ ከሆነ፣ ከቤተሰብ በልጅነቱ መነጽር ያደረገ ወይም ዓይኑ የሚሸዋረር ካለ አትደብቁ፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ሰነፍ ዓይን ከተገኘ መጀመሪያ መነጽር ይታዘዛል። አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ጤነኛው ዓይን በቀን ለጥቂት ሰዓት ይሸፈናል፣ መካከለኛ ለሆነው ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት፤ ወይም በአትሮፒን ጠብታ ይደበዝዛል፣ ደካማው እንዲሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። የሚያይበትን ዓይን ስለሸፈናችሁበት ያለቅሳል፣ መሸፈኛውን ይልጠዋል። በቪዲዮ ከታቦር ሰፈር የምትደውለው አያትም አይታ «ምነው ልጁን አሳወራችሁት፣ አንሱለት!» ትላለች። ለአያት አስቀድማችሁ አስረዱ፤ እሷ «ጎበዝ የኔ አንበሳ» ስትለው ከእናንተ ቁጣ ይልቅ ይሰማል። የሴት ልጅ መነጽርም «መልኳን ያበላሻል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር አለ። በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ የአንዱ ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ በዚያው ሰሞን ሐኪም ይየው፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት ቢኖረውም ሞራ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከ4 ወር በላይ የሆነው ሕፃን ዓይኑ የሚሸዋረር ከሆነም አሳዩት። የአፍንጫ ግንዱ ሰፊ በመሆኑ ብቻ ሸውራራ የሚመስል ሕፃን አለ፤ ይህንን ግን ጎረቤት ሳይሆን ሐኪም ይለየው።

ገና ሐዋሳ ሆናችሁ ቪዛ የምትጠብቁ፣ ለጉዞ የሚደረገው የጤና ምርመራ የልጅን ዓይን ልኬት አይተካም። ጥርጣሬ ካላችሁ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ አሳይታችሁ፣ የመነጽር ቁጥሩን አጽፋችሁ ከክትባት ካርዱ ጋር ያዙት። ውጭ ያላችሁም ከተማ ስትቀይሩ የምርመራውን ውጤት ኮፒ ጠይቁ፤ ሽፈናው መሃል ላይ ሳይቋረጥ አዲሱ ሐኪም ካለበት ይቀጥላል።