ለትምህርት ቤታችሁ አዲስ የገቢ ማሰባሰቢያ፦ ወላጆችን ሳታሰለቹ እንዴት ትመርጣላችሁ?

የወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ "ዘንድሮ አዲስ ነገር እንሞክር" የሚል ሰው አይጠፋም። ከዚያ ሃሳቡ ይጎርፋል፦ ባዛር፣ ሎተሪ፣ ሩጫ፣ ኮንሰርት፣ ቲሸርት። ጉንጭ አልፋ ክርክር ይደረግና ድምፁ ጎላ ያለው ሰው ሃሳብ ያልፋል። ሥራው ሲመጣ ደግሞ ያው ሁሌ የሚሠሩት አራት አምስት ሰዎች ላይ ይወድቃል። ምርጫውን ረጋ ብሎ ማካሄድ ይቻላል፤ ደግሞም ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

1. ገንዘቡ ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ይወሰን

"ትምህርት ቤቱን ለመደገፍ" ብላችሁ ስትጠይቁ ሰው ራሱን ይነቀንቅና ዝም ይላል። "ለቤተ መጻሕፍቱ 40 ወንበር" ስትሉ ግን ነገሩ ይጨበጣል። ስለዚህ ስለ ዘዴው ከማውራታችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄዳችሁ በበጀት የማይሸፈነው የቱ እንደሆነ ጠይቁ። መምህራኑንም ጠይቁ። ሳይጠይቁ የተገዛ ዕቃ መጋዘን ሲያሞቅ ይከርማል። ከዚያ ከሁለት ሦስት አቅራቢዎች ዋጋ አስመጡና የሚያስፈልጋችሁን መጠን በቁጥር ጻፉት። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ምናልባት ዝግጅት ራሱ ላያስፈልግ ይችላል፤ ለየወላጁ አንድ ደብዳቤ ተልኮ ሊያልቅ ይችላል።

2. የድሮውን ሒሳብ አውጡ፣ የሰውንም ሰዓት ቁጠሩ

ብዙ ኮሚቴ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። "ባዛሩ 100 ሺህ አስገባ" ይባልና ይጨበጨባል። ወጪው የት ሄደ? ለሽያጭ የተገዛው ዕቃ 45 ሺህ፣ የድንኳንና የድምፅ ማጉያ ኪራይ 15 ሺህ፣ ሕትመትና ልዩ ልዩ 5 ሺህ ቢሆን ለትምህርት ቤቱ የቀረው 35 ሺህ ነው። በዚህ ላይ 30 ወላጆች እያንዳንዳቸው 10 ሰዓት ሠርተዋል እንበል። 300 ሰዓት ማለት ነው። 35 ሺህን ለ300 ስታካፍሉት አንዱ የወላጅ ሰዓት ያመጣው ወደ 117 ነው።

አሁን የእግር ጉዞ እንውሰድ። 60 ሺህ ተሰበሰበ፣ ለውሃና ለሕትመት 6 ሺህ ወጣ፣ 15 ሰው ለ6 ሰዓት ሠራ። የተጣራው 54 ሺህ፣ ሰዓቱ 90፣ የአንዱ ሰዓት ውጤት 600። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ የእናንተው ሒሳብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን ስሌቱን ሳትሠሩ አትምረጡ፤ ምክንያቱም ጠቅላላ ገቢው ብቻ ቢታይ ባዛሩ አሸናፊ ይመስላል፣ ሰዉን ግን አድክሞ በሚቀጥለው ዓመት ስልክ እንዳያነሳ የሚያደርገው እሱ ነው።

እርግጥ ባዛር ሰው ያገናኛል፣ ልጆች ይደሰታሉ። እሱም ዋጋ አለው። ታዲያ ለመገናኘት ከሆነ "ለመገናኘት ነው" ተብሎ ይሠራ፤ የገንዘቡን ጭነት ሁሉ አትጫኑበት።

3. ሃሳቦቹን አንጥሩ

አሁን ሃሳብ ሰብስቡ። በስብሰባ ብቻ አይሁን፤ በሥራ ምክንያት ስብሰባ የማይመጡ ወላጆች አሉ፣ እነሱን በስልክ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ ጠይቁ። የመጣውን ሁሉ ጻፉ፣ ከዚያ መቀነስ ጀምሩ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ልጆቹ ናቸው። አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅ በዚህ ዝግጅት ይሸማቀቃል ወይ? ብዙ የሸጠ ተማሪ በሰልፍ ላይ የሚሸለምበት፣ ያልከፈለ ልጅ ክፍል ውስጥ ስሙ የሚጠራበት ነገር ከሆነ ሃሳቡ የቱንም ያህል ቢያስገባ ይውጣ። በዚህ ድርድር የለም ባይ ነኝ። ልጅን ብቻውን የማያውቀው ሰው በር እያንኳኳ እንዲሸጥ መላክም እንደዚያው።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። ሎተሪና ዕጣ በብዙ አገር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ገቢው ለበጎ ሥራ ቢሆንም። ለሽያጭና ለአደባባይ ዝግጅትም የየአካባቢው ደንብ አለ። ቲኬት ካሳተማችሁ በኋላ ከምትሯሯጡ ቀድማችሁ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ፣ የትምህርት ቤቱንም ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ሦስተኛው፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከማን ነው የሚለው ነው። ወላጅ የሠራውን ወላጅ የሚገዛበት ሽያጭ ገንዘብን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ከማዞር ብዙም አይዘልም። ከውጭ የሚያመጣ መንገድ ይሻላል፦ የቀድሞ ተማሪዎች፣ የወላጆች መሥሪያ ቤቶች፣ የአካባቢው ነጋዴዎች። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው በጎ አድራጎት ላይ ያዋጣውን ያህል ጨምሮ ይሰጣል፤ መጠየቅ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ አማራጭ ደግሞ አለ፦ ምንም አለመሸጥ። "ዘንድሮ ዝግጅት የለም፣ የምትችሉትን በዚህ ሒሳብ ቁጥር አስገቡ፣ ለ40 ወንበር ነው፣ ስም አይለጠፍም" የሚል መልእክት ብቻ። ወጪው ከዜሮ አይርቅም። ሥራ ለሚበዛበት ወላጅ ደግሞ እፎይታ ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምሞክረው ይሄንን ነው፤ ጉድለቱ ዓላማው ግልጽ ካልሆነ ወይም ኮሚቴው ካልታመነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

4. የቀሩትን ሃሳቦች በአንድ አንድ ገጽ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ሃሳብ አንድ ገጽ ብቻ፦ ስንት ይወጣል፣ ስንት ይገባል፣ ስንት ሰው ለስንት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ምን ሊበላሽ ይችላል።

ቲኬት ያለበት ዝግጅት ከሆነ ኪሳራ የሚያበቃበትን ቁጥር አስሉ። ለምሳሌ ለአዳራሽና ለድምፅ 20 ሺህ ይወጣል። ቲኬቱ 200 ነው፣ ለአንድ ሰው መስተንግዶ 50 ይወጣል። ከአንድ ቲኬት የሚተርፈው 150 ነው። 20 ሺህን ለ150 ስታካፍሉ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 134 ቲኬት ይመጣል። ማለትም 133 ሰው ቢመጣ እንኳ ሁሉም ለፍቶ ከስራችኋል። 134 ሰው በእርግጥ ይመጣል? የሚያጠራጥር ከሆነ ወይ አዳራሹን በነፃ ፈልጉ ወይ ሃሳቡን ተዉት።

ልጆች በሮጡት ዙር ወይም ባነበቡት ገጽ ልክ ዘመድ የሚከፍልበት ከሆነ ደግሞ ፎርሙ ላይ "ከዚህ አይበልጥም" የሚል መስመር ይግባ። አምስት ዙር የሚሮጥ መስሎት ለዙር ጥሩ ቃል የገባ አጎት፣ ልጁ 40 ዙር ሮጦ ሲመጣ ምን ይዋጠው? ቃል የተገባ ገንዘብ ደግሞ ቶሎ ካልተሰበሰበ ይቀራል፤ ሁለት ሳምንት ቁረጡለት።

5. ድምፅ ስጡ፣ ግን ስም አስመዝግቡ

"አንድ ሰው አንድ ሃሳብ ይምረጥ" ከተባለ ድምፁ ይበታተናል። አራት አማራጭ ኖሮ አንዱ 30 ከመቶ ብቻ አግኝቶ ሊያሸንፍ ይችላል፤ 70 ከመቶው ግን አልመረጠውም። ይልቅ ሰው የሚስማማበትን ሁሉ ምልክት ያድርግ፣ ብዙ ምልክት ያገኘው ይለፍ። አሸናፊው ብዙው ሰው "ይሁን" የሚለው ይሆናል።

ድምፁ ብቻ ግን አይበቃም። እጅ ማውጣት ቀላል ነው። ሃሳቡ ሲያልፍ እዚያው ወረቀት አዙሩ፦ ማን ምን ይሠራል፣ መቼ። 20 ሰው የሚጠይቅ ሥራ ላይ ስድስት ስም ከተጻፈ ሃሳቡ አላለፈም ማለት ነው፣ ሁለተኛ ወደወጣው ሂዱ። ቅር የሚለው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ስድስቱ ሰዎች እስኪወድቁ ከሚሠሩ እሱ ቅር ቢለው ይሻላል።

ሌላም ነገር እዚያው ወስኑ፦ አዲሱ ሲገባ ከድሮዎቹ የትኛው ይቀራል? ወላጅ በየወሩ "አምጡ" ሲባል ይሰለቻል። አንድ ካስገባችሁ አንድ አውጡ።

6. መጀመሪያ በትንሹ

የሚቻል ከሆነ በአንድ የክፍል ደረጃ ሞክሩት። ችግሩ በ60 ልጅ ላይ ቢታይ ይታረማል፣ በ600 ላይ ከሆነ የጨረባ ተዝካር ነው።

7. ገንዘቡ ሲቆጠር

ስለዚህ ማውራት ሰውን መጠርጠር ይመስላል፤ እንዲያውም ገንዘብ ያዡን ከሐሜት የሚያድነው ይሄ ነው። የገባው ጥሬ ገንዘብ በዚያው ቀን፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቆጠር። ማንም ቤቱ ይዞ አይሂድ። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይቀመጡ። አንደኛው ቆጥሮ ድምሩን ለራሱ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ሳያሳይ ገንዘቡን ለሁለተኛው ያሳልፋል፣ እሱም ቆጥሮ ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ከተለያየ እንደገና። ከተስማማ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ ከገንዘቡ ጋር ፖስታ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል፣ በማግስቱ ባንክ ይገባል።

ጠዋት ለመልስ ያስቀመጣችሁትን ዝርዝር ገንዘብ መቀነስ አትርሱ፣ አለበለዚያ ገቢ መስሎ ይቆጠራል። የባንክ ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ይሁን፣ ለማውጣት ሁለት ፊርማ ይጠይቅ። ወጪ ያለ ደረሰኝ አይወራረድ።

8. ለወላጆች ንገሩ፣ ለተተኪው አስቀምጡ

በሁለት ሳምንት ውስጥ አጭር መልእክት ላኩ፦ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ፣ ወንበሮቹ መቼ ይገባሉ። ወንበሮቹ ሲመጡ ፎቶ ጨምሩ። ልጆች የሚታዩበት ከሆነ ከወላጆቻቸው ፈቃድ ይጠየቅ።

የተጠቀማችሁበትን ፎርም፣ የአቅራቢዎቹን ስልክ፣ የተሠራውን ሰዓትና የቃለ ጉባኤውን ቅጂ በአንድ ፋይል አድርጉና አንዱን ትምህርት ቤቱ ቢሮ አስቀምጡ። የሊቀመንበሩ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ከሆነ ልጁ ተመርቆ ሲወጣ ፋይሉም አብሮት ይወጣል።