የሊኑክስ ከርነል ስህተት ማስተካከያን እንዴት ፈትሾ ለሚመለከተው ማድረስ ይቻላል

ለሊኑክስ ከርነል (ለስርዓተ ክወናው እምብርት) ማስተካከያ መጻፍ የሚችል ብዙ ነው፤ በሚገባ ፈትሾ ለሚመለከተው ሰው የሚያደርሰው ግን ያን ያህል አይደለም። ከርነሉ በብዙ ንዑስ ክፍሎች የተዋቀረ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሜንቴይነር የሚባል ኃላፊና የራሳቸው የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ) ማከማቻ አላቸው፤ የከርነሉ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም በአብዛኛው ሥራ የሚቀበለው ከእነዚህ ኃላፊዎች እጅ ነው። ጊትሃብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚታየው ግልባጭ ብቻ ስለሆነ እዚያ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤ ይካተት የሚል ጥያቄ) መክፈት ከንቱ ድካም ነው። ፓች፣ ማለትም ለውጡን የያዘው ጽሑፍ፣ የሚላከው በኢሜይል ነው።

በመጀመሪያ ስህተቱ በዋናው ከርነል የቅርብ እትም ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ኡቡንቱና ሌሎች ስርጭቶች (ከርነሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አዘጋጅተው የሚያቀርቡ) የራሳቸውን ለውጥ ስለሚጨምሩበት፣ እነሱ ላይ የታየው ስህተት ዋናው ላይ ጨርሶ ላይኖር ወይም ቀድሞ ታርሞ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ስህተቱን ያመጣውን ኮሚት (በጊት የተመዘገበ አንድ ለውጥ) ይፈልጉ። ለምሳሌ ከርነሉ ከታደሰ በኋላ ላፕቶፕዎ ከእንቅልፍ ሲነሳ ዋይፋዩ አልሠራ ካለ፣ ይሠራ የነበረውንና የማይሠራውን እትም ጊት ባይሴክት ለተባለው ትእዛዝ ይንገሩት። በመካከላቸው ያሉትን ኮሚቶች ለሁለት እየከፈለ ስለሚሄድ፣ ብዛታቸው 10,000 ቢሆን እንኳ በ14 ዙር ገደማ ጥፋተኛው ይገኛል። ኮምፓይል አልሆን ያለ ኮሚት ሲያጋጥም በግምት «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ከማለት ስኪፕ ማለት (መዝለል) ይሻላል፤ አንድ የተሳሳተ መልስ ፍለጋውን ሁሉ ወደማይገናኝ ኮሚት ይወስደዋል።

ፓቹን ከጻፉ በኋላ ምልክቱ ጠፋ ብለው አይርኩ። የኮምፒውተሩን ሜሞሪ አጠቃቀም ስህተት የሚይዘውን ካሳንን እና የሎክ (ሁለት ሥራዎች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚያግድ ቁልፍ) ቅደም ተከተልን የሚከታተለውን ሎክዴፕን አብርተው ከርነሉን እንደገና ይሥሩ፣ ላፕቶፑን ደጋግመው ያስተኙና ያስነሱ፣ ከዚያ ፓቹን አውጥተው ስህተቱ መመለሱን ይዩ። ይህ የመጨረሻው ፍተሻ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የማምነው እሱን ነው። ቼክፓች የተባለው ስክሪፕት በበኩሉ የአጻጻፍ ግድፈት ይጠቁማል፤ አጋዥ እንጂ ዳኛ አይደለም።

አስቸጋሪው ሥራ ለማን እንደሚላክ መወሰን ነው። በምንጭ ኮዱ ውስጥ ሜንቴይነርስ የሚባል ፋይል አለ፤ በእያንዳንዱ ክፍል ሥር «ኤም» የኃላፊውን፣ «ኤል» የኢሜይል ቡድኑን፣ «ቲ» የጊት ማከማቻውን አድራሻ ይይዛል፣ «ኤስ» ደግሞ ክፍሉ ተንከባካቢ እንዳለው ያሳያል። እዚያ ላይ «ኦርፋን» የሚል ከተጻፈ ባለቤት የለውምና ከበላዩ ወዳለው ሰፊ ክፍል ይሂዱ። ጌት ሜንቴይነር የተባለው ስክሪፕት ፓቹን አንብቦ ስሞቹን ያወጣል፤ ሆኖም በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበ ኃላፊ ሲያጣ ከኮሚት ታሪክ ስለሚለቅም፣ ፊደል ብቻ ያረመ ሰው ስም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም ለምን እንደወጣ ከጎኑ የተጻፈውን ያንብቡ። ጥፋተኛውን ኮሚት የጻፈውን ሰው ግን ምንጊዜም ይጨምሩ፤ ከእሱ የተሻለ ገምጋሚ አይገኝም።

ማከማቻውም መመረጥ አለበት። የዋይፋይ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) ማስተካከያ አሁን እየተዘጋጀ ላለው እትም ከሆነ ወደ «ዋየርለስ»፣ አዲስ ባህሪ ከሆነ ወደ «ዋየርለስ-ኔክስት» ይሄዳልና ይህን በኢሜይሉ ርዕስ ላይ ያመልክቱ። በፓቹ መግለጫ መጨረሻ «ፊክስስ» የሚለውን መስመር ከጥፋተኛው ኮሚት መለያ ቢያንስ 12 ፊደላትና ከርዕሱ ጋር ያስገቡ። ብዙዎች ይህ መስመር ብቻውን ማስተካከያውን ወደ ቀድሞዎቹ እትሞች የሚወስድ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ለዚያ የስቴብል ቡድኑን (የወጡ እትሞችን የሚንከባከበውን) አድራሻ የያዘ «ሲሲ» መስመር ያስፈልጋል፤ ፓቹም መጀመሪያ ዋናው ከርነል ውስጥ መግባት፣ በዙሪያው ያለውን ኮድ ጨምሮም ከ100 መስመር አለመብለጥ አለበት። ስህተቱ ለጥቃት በር የሚከፍት ከሆነ በይፋ አይላኩት፤ መጀመሪያ ለከርነሉ የደህንነት ቡድን ያሳውቁ።

ለመላክ ጊት ሴንድ-ኢሜይልን ይጠቀሙ። የጂሜይል ድረ ገጽ ታብን ወደ ባዶ ቦታ ስለሚለውጥ ፓቹ ተበላሽቶ ይደርሳል። አስቀድመው ለራስዎ ልከው በጊት ኤኤም (ፓችን ከኢሜይል ወደ ኮዱ በሚያስገባው ትእዛዝ) መግባቱን ይሞክሩ። መልስ ቢዘገይ ከማስታወስዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠብቁ። አስተያየት ተቀብለው ሁለተኛ ቅጂ ሲያዘጋጁ የለወጡትን ከፓቹ መግለጫ ቀጥለው ከሚገኙት ሦስት ሰረዞች (---) በታች ይግለጹ፤ እዚያ የሰፈረው ወደ ኮሚቱ ታሪክ አይገባም። የመጀመሪያውን ቅጂ የሞከረ ሰው «ቴስትድ-ባይ» (ሞክሬዋለሁ የሚል መስመር) ሰጥቶዎት ከነበረና ኮዱን በጉልህ ከለወጡት፣ ያንን መስመር አውጥተው እንደገና እንዲሞክረው ይጠይቁት።