ራም ልትገዙ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት

ድሬዎች፣ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ካርድ) ልትጨምሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ገመዱን ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱና የነበረው ራም ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱት። ታይዋን ገበያ ስትደርሱ ለሻጩ እሱን ማሳየት ነው።

ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይቀላቀሉም። ከታች በኩል ያለው ስንጥቃቸው ያለበት ቦታ ስለሚለያይ አይገጥሙም፤ በጉልበት እገፋለሁ ካላችሁ ማስገቢያውን ትሰብሩታላችሁ። ዓይነቱ አንድ ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ ከተለያየ ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ ግን ለምሳሌ ፍጥነቱ 3200 የሆነው ወርዶ በ2400ው ልክ ነው የሚሮጠው። ለፈጣኑ ትርፍ ብር አትክፈሉ! እኔ የተለያየ ብራንድ 4 እና 8 ጊጋ ቀላቅዬ እየሠራሁበት ነው።

ካልተግባቡ ኮምፒውተሩ ጢጥ ጢጥ ይላል ወይም ስክሪኑ ይጠቁራል። አትደንግጡ፣ አዲሱን ብቻውን ሰክታችሁ ሞክሩት። ለማንኛውም «ካልገጠመልኝ እመልሳለሁ» ብላችሁ ሳትስማሙ ብር አታውጡ።